ከፓወር ሰፕላዩ ጀምር

አንድ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑን ሸጦ የጌም ዴስክቶፕ ሊያስገጣጥም ሱቄ መጣና «ጋሼ፣ የትኛው ግራፊክስ ካርድ ይሻለኛል?» አለኝ። «ሰፈራችሁ ወፍጮ አለ?» ስለው የቀለድኩበት መሰለው።

አልቀለድኩም። ወፍጮ በተነሳ ቁጥር አምፖሉ ደብዘዝ የሚልበት ቤት የሚኖር ሰው መጀመሪያ የሚመርጠው ካርድ ሳይሆን ፓወር ሰፕላይ ነው። አዲስ አበባ ያሉ የሙያ ጓደኞቼ በዚህ ነገሬ ይስቁብኛል። የእነሱ ስሌት የታወቀ ነው፤ የበጀቱን ግማሽ ለካርዱ፣ የተረፈውን ለሌላው ማብቃቃት። ከኬዙ ጋር የመጣውን የፓወር ሰፕላይ ሳጥንማ ዘወር ብለውም አያዩት። ዕቃው በሞያሌ መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ዲላ ላይ ሲቃጠል የሚጠየቀው ግን እኔ ነኝ።

ላፕቶፕ የለመደ ሰው ባትሪውን ይረሳዋል። መብራት ሲጠፋ ስክሪኑ ትንሽ ይፈዝበታል እንጂ ማሽኑ አይጠፋበትም። ዴስክቶፕ ላይ ያለው መጠባበቂያ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ብቻ ነው፤ ደህናው እንኳ ጭነት በዛበት ጊዜ የሚታገሰው 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዱ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ አንድ ዙር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ተራ ዩፒኤስ ወደ ባትሪ እስኪዞር አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ይወስድበታል። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ይቺን ክፍተት ይሻገራታል። ካፓሲተር የተሰሰተበት ርካሹ ግን ዩፒኤስ እያለውም ድርግም ይላል፤ ባለቤቱም ዩፒኤሱን ይረግማል።

ለልጁ ሁለት ሳጥን ፈትቼ አሳየሁት። (ቤታችሁ አትሞክሩት፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ ይመታል።) ሁለቱም ላይ 500 ዋት የሚል ተለጥፏል። አንዱ እጅ ላይ ይከብዳል፤ ውስጡ ወፍራም ካፓሲተርና ሰፋፊ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ አለው። ሌላው ቅልል ያለ ነው። መብራቱ በሚገባበት በኩል ለማጣሪያ የተተወው ቦታ ባዶውን ቀርቶ በሁለት ሽቦ ቁራጭ ተያይዟል። «ታዲያ 500 ብለው እንዴት ይጽፋሉ?» አለ። ከካርዱ ጥያቄ ይሄኛው ይሻላል።

ካርዱም ቢሆን የሚመረጠው በዚሁ መንገድ ነው። አርቲኤክስ 3060ን ብዙ ሰው ለ12 ጊጋ ሜሞሪው ይወደዋል፤ ግን 170 ዋት ይስባል። 4060 8 ጊጋ ቢሆንም በ115 ዋት ይበቃዋል፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ዩፒኤስ ላይ 55 ዋት ቀላል አይደለም፤ 650 ቪኤ የሚለው ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው፣ ሻጩ ግን ይህን አያነሳም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የተቃጠለ ካርድ መተካት የዋዛ አይደለም። አቅም ያነሰው ያገለገለ የዴል ኦፕቲፕሌክስ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ፣ ተጨማሪ ኬብል የማይጠይቀውን ባለ 75 ዋት ጂቲኤክስ 1650 ይሰካበት፤ ቀጭኑን ኬዝ ብቻ አይግዛ። የዴል አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከብዙ አዲስ ሳጥን ይሻለኛል።

ግትርነቴ ከቤት የመጣ ነው። አባቴ በቡና ገንዘብ የገዛው ቴፕ አንድ ማታ የጠፋው መብራት ሲመለስ ጨሰ። ካሴት ማጫወቻው፣ ስፒከሩ፣ ሁሉም ደህና ነበር፤ የነደደው ትራንስፎርመሩ ነው። እሱን ለማወቅ ስፈታታ ሙያ ያዝኩ።

አሁንም ሱቄ ገበያ የሚያየው ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ቡና ሲለቀምና ሲሸጥ ነው። ልጁ ስለ ፍሬም ብዛት ያወራኛል። ከፋዩ አባት በር ላይ ቆሞ በጌዴኡፋ የሚጠይቀኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አይቃጠልም?» አይቃጠልም ብዬ አልምልለትም። ወደ ውስጥ አስገብቼ ሁለቱን ሳጥኖች በእጁ አስመዝነዋለሁ፤ ኪሎ መገመት ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቅበታል።