ፋይል የማይገባ ግምገማ

«ነገ ግምገማ አለ» ሲባል እንቅልፍ የሚወስደው ጀማሪ መኮንን ብዙም አላጋጠመኝም። ኢሕአዴግ ከበረሃ ይዞት የገባው የሂስና ግለ ሂስ ልማድ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከጦር ሰፈር አልፎ ሲቪል መሥሪያ ቤቱን ሁሉ አዳርሷል። ተራ ወታደር አዛዡን ፊት ለፊት የሚናገርበት መድረክ በመሆኑ አልጠላውም። ክፋቱ፣ የተነገረው ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ቃል ማዕረግ ሲያስቀር ያየ መኮንን ወይ ያሞግሳል፣ ወይ የቆየ ቂሙን ያወራርዳል።

መንጌ ላይ ሻምበል ስመራ የመቶ አዛዦቼ ገና ከኮርስ የወጡ ልጆች ነበሩ። አገሩ የበርታዎች ነው፤ በየወንዙ ዳር ወርቅ ይታጠባል። ቅኝት ከወጣ መኮንን ጋር የምገናኘው በራድዮ ነው። መንደር ገብቶ ሰው እንዴት እንዳነጋገረ እኔ በምን ዓይኔ ላይ? የሚያየው አብሮት የወጣው እኩያው ነው።

ስለዚህ ከቅኝት መልስ ማንጎ ጥላ ሥር ለብቻቸው አስቀምጣቸው ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥግ ይዤ አዳምጥ ነበር፤ ሲለምዱት ተነሥቼ ሄድኩ። የከለከልኩት ስለ ጠባይ ማውራትን ነው። «ትዕቢተኛ ነህ»፣ «ዲሲፕሊን ይጎድልሃል» አይባልም፤ ያዩትን ድርጊት ብቻ ይናገራሉ።

አንዱ ጓደኛውን እንዲህ አለው፦ «ሽማግሌው ቆመው ሲያናግሩህ አንተ ከመኪናው አልወረድክም። ዓይንህም አስተርጓሚው ላይ ነበር፤ እሳቸውን ቀና ብለህ እንኳ አላየሃቸውም።» ልጁ «ቸኩዬ እኮ…» ብሎ ጀመረና ተወው። በሌላ ቀን መኪናውን ከመንደሩ ውጭ አቁሞ በእግሩ መግባቱን የሰማሁት ከሾፌሩ ነው። እኔ ብነግረው ትእዛዝ ነበር የሚሆነው፤ እኔ እስካለሁ ይፈጽመዋል።

የአሜሪካ ጦር ሬንጀር ትምህርት ቤት ሠልጣኞቹን እርስ በርስ ነጥብ ያሰጣጣል፤ ጓዶቹ ዝቅ ያደረጉት ሰው ሊሰናበትም ይችላል። ለመምረጥ ይበጅ ይሆናል። የመቶ አዛዦቼ ግን ተመርጠው ያለፉ ናቸው፤ ነጥብ ብጨምርበት ኖሮ የሽማግሌውን ነገር የሚያነሣ አይገኝም ነበር።

የአንዱ የማዕረግ ዕድገት ሲደርስ «ጓዶቹስ ስለ እሱ ምን አሉ?» የሚል ጥያቄ ከላይ ይመጣል። የራሴን ምዘና ፈርሜ እልካለሁ። ከማንጎው ሥር የተባለውን ስጠየቅ ቃለ ጉባኤ አላስያዝኩም እላለሁ፤ እውነትም አላስያዝኩም።