ሐሩ ሲገኝና ሲታጣ

የአሜሪካ መንግሥት ለእርስ በርሱ ጦርነት የሚሆነውን ገንዘብ ለመሰብሰብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1862 ዓ.ም. ባወጣው የግብር ሕግ መሠረት፣ በውልና በቼክ፣ በመድኃኒት፣ በመጫወቻ ካርታ ላይ ሳይቀር ይለጠፍ የነበረውን የቀረጥ ቴምብር ያተመው የፊላዴልፊያው የበትለርና ካርፔንተር ማተሚያ ቤት፣ ሥዕሉን እስከ 1871 ሳይለውጥ ወረቀቱን ግን ስለ ለዋወጠ፣ ዛሬ የቴምብሩን ዘመን ለይቶ ለማወቅ የሚሻ መርማሪ ከገጹ ይልቅ ጀርባውን አገላብጦ እንዲያይ ግድ ይሆንበታል።

ካታሎጎች የዚህን እትም ወረቀት “አሮጌ” እና “ባለ ሐር” ብለው በሁለት ይከፍሉታል። ክፍፍሉ ለሻጭና ለገዥ ይመች ይሆናል፤ ለሐተታ ግን ጎደሎ ነው። ባለ ሐሩ በ1870 ገደማ የመጣ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ገና ሲሠራ በውስጡ ከተበተኑት ደቃቅ የሐር ክሮች ነው። “አሮጌ” የተባለው ግን ስሙን ያገኘው ሐር ስለሌለው ብቻ በመሆኑ፣ እስከ 1869 ድረስ ያገለገለውን ስስ፣ ደረቅና ተሰባሪ ወረቀት ከእርሱ በኋላ ከመጣው ወፍራምና ለስላሳ ወረቀት ጋር ያለ አግባብ በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል። ሁለቱን በጣት መካከል ይዞ ጠርዛቸውን ያሻሸ ሰው ግን ልዩነታቸውን አይስተውም።

ከዚህ የከፋው ክሮቹ እጅግ ጥቂቶች መሆናቸው ነው። በአንዱ ቴምብር ላይ ሁለት ሦስት ሲታዩ በሌላው ላይ አንዲት ብቻ፣ እርሷም ከሽፋሽፍት የምታንስ ሆና በአጉሊ መነፅር ትፈለጋለች። ስለዚህ የሐር መገኘት የታመነ ምስክር ሲሆን፣ መታጣቱ ግን ምስክርነት የለውም።

መገኘቱም ቢሆን ምርመራ ይሻል። እኔ ራሴ ዋሽንግተን በተሳለበት ባለ 2 ሳንቲም ብርቱካናማ ቴምብር ጀርባ ላይ ክር አይቼ ደስ ካለኝ በኋላ፣ ገልብጬ የጽሕፈቱን ቀን ባነብ 1866 ይላል። ሕጉ ተገልጋዩ ቴምብሩን ሲሰርዝ የስሙን መነሻ ፊደላትና ቀኑን እንዲጽፍበት ያዝዝ ስለ ነበር፣ ያ ቀን ከእኔ ዓይን የተሻለ ዳኛ ሆነ። በመርፌ ጫፍ ብነካው ክሩ ከቀረው ሙጫ ላይ ተላቆ ተነሣ፤ ከነጠላዬ የወጣ ጥጥ ኖሯል! እውነተኛው ሐር ከወረቀቱ ሥጋ ጋር የተዋሐደ ነውና ወረቀቱን ሳይቦጭቁ አይነሣም።

በ1871 የወጣው ሁለተኛው እትም እንዲህ አያደክምም። ሰዎች የተሰረዘውን ቴምብር እያጠቡ መልሰው መለጠፋቸው ስላስመረረ፣ መንግሥት ጄምስ ዊልኮክስ የፈጠራ መብት ባገኘበት፣ ሐር በተበተነበትና ወደ ሐምራዊ በሚያደላ “እስስት” በተባለ ወረቀት ላይ አሳተመው። ከ1875 ጀምሮ የመጣው ባለ 2 ሳንቲም ሰማያዊ ቴምብር ደግሞ መጀመሪያ በባለ ሐር፣ በኋላም የውሃ ምልክት ባለው ወረቀት ታትሟል፤ ይህንን ቤንዚን ጠብ አድርጎ በጥቁር ሳሕን ላይ ማየት ነው።

አሁን በፊቴ ያለው የመጀመሪያው እትም ቴምብር መጋቢት 1871 የሚል ጽሕፈት ሲኖረው ክር አልተገኘበትም፤ ወረቀቱ ለስላሳ ነው። በመደርደሪያ የቆየ አሮጌ ወረቀት፣ ወይም ክር ያልደረሰው ባለ ሐር ሊሆን ስለሚችል፣ በመዝገቤ “ለስላሳ፣ ሐር ያልታየበት” ብዬ ጽፌ የዓይነቱን ዓምድ ባዶ ትቼዋለሁ።