«ብግነት»፣ «እብጠት» እና «የሰውነት ወታደሮች»

ትንባሆ በሳንባ ላይ የሚያደርሰውን ሥር የሰደደ ሕመም ለማስረዳት በአማርኛ በሚዘጋጁ ጽሑፎች ውስጥ ሁለት የአተረጓጎም ልማዶች ይታያሉ። አንደኛው ኢንፍላሜሽን የተባለውን ጽንሰ ሐሳብ «እብጠት» ማለት ነው፤ ሁለተኛው ነጭ የደም ሕዋሳትን «የሰውነት ወታደሮች» ብሎ መጥራት ነው። ሁለቱም ለጆሮ ይቀላሉ፤ በዚህ በሽታ ረገድ ግን ሁለቱም ያሳስታሉ።

የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ ኬልሱስ ለኢንፍላሜሽን አራት ምልክቶች ሰጥቶታል፤ እነርሱም መቅላት፣ መጋል፣ ማበጥና መታመም ናቸው። እብጠት ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው፤ ያውም በእኛ ቋንቋ ዕጢንም በምት የመጣ ጉብታንም ይጨምራል። «በአየር ቧንቧዎ ላይ እብጠት አለ» የተባለ ሕመምተኛ ካንሰር ያዘኝ ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። «ማመርቀዝ» ደግሞ የባሰ ነው፤ ቁስልና መግል ያሳስባል እንጂ ጭስ ብቻውን፣ ያለ ተሕዋስያን፣ የሚቀሰቅሰውን ነገር አያመለክትም። «ብግነት» ከሁሉም ይሻላል። «በገነ» በዕለት ንግግር ተናደደ፣ ውስጡ ተቃጠለ ማለት ነው፤ የላቲኑም ቃል ሥሩ እሳት ማቀጣጠል ነው።

ወደ ወታደሩ እንለፍ። ወታደር በበዛ ቁጥር ቤቱ የተጠበቀ ይመስላል፤ በአጫሽ ሳንባ ውስጥ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ኒውትሮፊሎች፣ ማክሮፌጆችና ሲዲ8 የተባሉት ሊምፎሳይቶች ይበዛሉ፤ ከሚያመነጩት መካከል ኢላስቴዝ የተባለው ኢንዛይም ሳንባን ተለጥጦ እንዲመለስ የሚያደርገውን ኢላስቲን ይቆራርጣል። እ.ኤ.አ. በ1963 ሎሬልና ኤሪክሰን በስዊድን እንዳመለከቱት፣ ይህን ኢንዛይም የሚገታው አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን የተባለው ፕሮቲን በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች ለኤምፊዚማ የተጋለጡ ናቸው። ስለ «ወታደር» ያነበበ አጫሽ «መከላከያዬን ላጠናክር» ብሎ ቫይታሚን ይገዛል፤ ሲጋራውን አይጥልም። «የመከላከያ ሕዋሳት» ብንልም ብዙ አናመልጥም፤ መከላከያም የጦር ሠራዊት ስም ሆኗልና።

እኔ እያንዳንዱ ሕዋስ በስሙ ቢጠራ እመርጣለሁ። ማክሮፌጅን በግእዝ «ዐቢይ በላዒ» ማለት ይቻላል፤ በላዔ ሰብእን የሚያስታውስ አንባቢ ፈገግ ማለቱ ባይቀርም። በዚህ በሽታ ባክቴሪያን የመዋጥ ኃይሉ ቢዳከምም ስያሜው የሕዋሱ እንጂ የሁኔታው ስላልሆነ ይጸናል። ኒውትሮፊልን ግን ባንተረጉመው ይሻላል። ፓውል ኤርሊኽ ስሙን ያወጣለት በማቅለሚያ አቀባበሉ እንጂ በተግባሩ አይደለም፤ ቃል በቃል «ገለልተኛ ወዳድ» ብንለው የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ ይመስላል።

ግሱም ጥንቃቄ ይሻል። «ማጨስ ሲቆም ብግነቱ ይጠፋል» የሚለው አገላለጽ ልክ አይደለም። ማቆም የሳንባን መድከም ያዘገየዋል፤ ብግነቱ ግን በብዙዎች ዘንድ ከዚያም በኋላ ይቆያል። «ይዳፈናል» ቢባል ለእውነቱ ይቀርባል።