ለማክሰኞ የተጎነጎነ ቀለበት

የሆሳዕና እሑድ ጠዋት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አንዲት እናት ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው በውኃ የራሰ ጆንያ፣ በጆንያው ላይ የዘንባባ ቅጠል። ቀለበት እንዲሠሩልኝ ጠየቅኋቸው። ጣቴን ይዘው አገላብጠው አዩና አንድ ቅጠል መዘው በጥፍራቸው ሰነጠቁት። ወዲያው ተጎንጉኖ አለቀ፤ ነገር ግን የጣቴ አንጓ ላይ ሲደርስ አልገባም አለ።

«እማማ፣ ጠበበኝ።»

«ይጥበብ ልጄ። ዛሬ ልክ የሆነህ ማክሰኞ ይወልቃል» አሉና ገፋ አድርገው አስገቡት።

የሻጭ ጨዋታ መስሎኝ ስቄ ሄድኩ። ነገሩ የገባኝ ማክሰኞ ነው። እሑድ ጣቴን ሲቆነጥጠኝ የዋለው ቀለበት ያን ቀን እንደ ልብ ይሽከረከር ነበር፤ ግን አልወለቀም። እርጥብ ዘንባባ ሲደርቅ ርዝመቱ ብዙም አይቀንስም፤ የሚኮማተረው በወርዱና በውፍረቱ ነው። ስለዚህ ጉንጉኑ ውስጥ ክፍተት ይፈጠራል፣ ቀለበቱም ይላላል። እኒያ እናት የሚያዩት እጃቸው ላይ ያለውን አረንጓዴ ቅጠል ብቻ አልነበረም። ከሁለት ቀን በኋላ የሚሆነውን ቢጫ ጭምር እያዩ ነበር የሚጎነጉኑት።

ከዚያ ወዲህ የዘንባባ ሥራ ሳይ ዓይኔ ቶሎ አይነሣም። ቅጠሉ ራሱ ግማሹን ሥራ ሠርቶ ነው የሚመጣው። ወንዝ ዳር የሚበቅለው የእኛ ዘንባባ የተምር የቅርብ ዘመድ ነው። ዛላውን ብታዩት ከመሃሉ ዘንግ ግራና ቀኝ የወጡት ቅጠሎች እያንዳንዳቸው እንደ ቦይ ወደ ላይ የታጠፉ ናቸው። ጎንጓኙ የመጀመሪያውን እጥፋት ከተፈጥሮ ይረከባል ማለት ነው። የቅጠሉ ሥሮች ከታች እስከ ላይ ጎን ለጎን ይሮጣሉ፤ በጥፍር ቢነኩት ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል፣ በአግድም ልበጥስህ ቢሉት ግን እጅ ያቆስላል። ለጉንጉን የሚመረጠው ገና ያልተከፈተው የመሃል ለጋ ነው፤ ፀሐይ ስላላገኘው ገርጣ ያለና እንደ ጨርቅ የሚታዘዝ። በስፔኗ ኤልቼ ከተማ ይህን ገርጣነት ሆን ብለው ያመርቱታል፤ የዛፉን አናት አስረው ከብርሃን በመጋረድ ለዚሁ በዓል ነጭ ዘንባባ ያበቅላሉ። የከተማዋ የዘንባባ ደን በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የእኛዋ እናት ያለ መጋረጃ፣ ዛላውን ፈልቅቀው እዚያው ልቡ ውስጥ ያገኙታል።

ከዛላው ግርጌ ያሉት ቅጠሎች ደግሞ ጠንክረው እሾህ ሆነዋል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ይህን እሾህ አላለፉትም፤ ዘንባባ እሾሃም መሆኑን የኃይልና የድል ምልክት አድርገው ይተረጉሙታል። ከዚህም በላይ አብርሃም ይስሐቅን ባገኘ ጊዜ፣ ዮዲትም ሆሎፎርኒስን ድል በነሣች ጊዜ ዘንባባ ይዘው አመሰገኑ እያሉ ታሪኩን ከኢየሩሳሌም በር አሻግረው ወደ ኋላ ይስቡታል። ልጅ ግንባሩ ላይ አክሊል አስሮ ሲሮጥ ይህን ሁሉ አያውቅም። ማወቅም የለበትም።

ከቀለበቱ፣ ከአክሊሉና ከመስቀሉ የቱ ይከብዳል ብትሉኝ መስቀሉ እላለሁ። አክሊሉ ሹሩባ የሚሠራ እጅ ላለው ሁሉ ቅርብ ነው፤ ሦስት ዘለላ፣ ቀኙ በመሃሉ ላይ፣ ግራው በመሃሉ ላይ። ደህና መስቀል ግን ከአንድ ቅጠል ይወጣል። ታጥፎ ቁመቱ ይሠራል፣ ተመልሶ ክንዱ ይሠራል፣ የተረፈው ጭራ መጋጠሚያውን በሰያፍ ሁለት ጊዜ ይዞረውና ከጀርባ በራሱ እጥፋት ውስጥ ይደበቃል። ክር የለ፣ ሙጫ የለ፣ ቋጠሮ የለ። ስለዚህ ስትገዙ ፊቱን አትዩ፤ ገልብጡት። አንዳንዱ በስቴፕለር ሽቦ ተወግቶ ታገኙታላችሁ። እኔ ለዚያ ገንዘብ አላወጣም፤ ቅጠሉ ራሱን መያዝ እየቻለ ሽቦ የሚወጋው ሰው ወይ ቸኩሏል ወይ አልተማረም።

በእኛ ቤት መስቀሉ የበሩ መቃን ላይ ተሰክቶ እስከሚቀጥለው ሆሳዕና ይቆያል። ቀለበቱ የሚውለው ግን በጣት ላይ ነው፤ የሚውልበትም ሳምንት የሚገርም ነው። ሆሳዕና የዐቢይ ጾም ስምንተኛ እሑድ ነው፤ በማግስቱ ሰሙነ ሕማማት ይገባል። በዚያ ሳምንት መጨባበጥ የለም፣ መሳሳም የለም፣ ካህኑም መስቀል አያሳልሙም። ቀለበት ያጠለቀው እጅ ማንንም ሳይጨብጥ ይሰነብታል። ወርቅ ቢሆን ሰው እንዲያይልን ነው የምናጠልቀው። ይህ ግን ከባለቤቱ ጋር ብቻ የሚደርቅ ጌጥ ነው።

ዓርብ ስግደቱ ሲያበቃ ወይራ ይመጣል፤ ካህናቱ ምእመኑን በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ ያደርጉታል፤ ጥብጠባ ይባላል። ቅዳሜ ማለዳ ደግሞ ቄጤማ። ቀዳም ስዑርን ለምለም ቅዳሜ ያሰኘው ይኸው ቄጤማ ነው፤ ካህናቱ ያድሉታል፣ ሕዝቡ በራሱ ላይ ያስረዋል። ትርጉሙ ከኖኅ ርግብ ጋር የተያያዘ ነው፤ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ያበሠረችው በለመለመ ቅጠል ነውና። ኦሪት ዘፍጥረት ቅጠሉን የወይራ ይለዋል፤ የእኛ ሰው ግን ርግቢቱን ቄጤማ አስይዟታል። እኔ በዚህ አልከራከርም። ውኃ የጎደለበት መሬት ላይ ቀድሞ ለምልሞ የሚታየው ቄጤማ መሆኑን ያገሬ ገበሬ ያውቃል።

ቄጤማውን በሁለት ጣት መሃል አንከባልሉት፤ ሦስት ጠርዝ ይቆጥርላችኋል። ግንዱ ክብ አይደለም፣ ውስጡም እንደ ስፖንጅ ነው። ዘንባባ የሚችለውን እጥፋት አይችልም፣ ይሰበራል። አያቴ ራሳችን ላይ ስታስርልን መጀመሪያ በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ ታለሰልሰው ነበር፤ ከዚያ ጠምዝዛ ጫፉን ከጥምዙ ሥር ትወሽቀዋለች። ያ ሁሉ ሥራ ለአንድ ቀን ነው። እሑድ ጠዋት ከፋሲካው ዶሮ ወጥ ጋር ስንቀመጥ ቄጤማው ጠውልጎ ትራስ ላይ ቀርቷል፤ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘው ሌላ፣ ትኩስ ነው።

የዘንባባው ቀለበት ግን እስከዚያ ይደርሳል፤ ጠቦ የተሠራ ከሆነ። የዘንድሮው ሆሳዕና ሲደርስ ከአጥሩ ሥር ያሉትን እናት ፈልጓቸው፤ ቀለበቱ አንጓችሁ ላይ ቢይዛችሁ ሰፋ ያለ አትጠይቁ።