በሰው ቁጥር የተለካ ዕቅድ፤ ስለ ጤና ጣቢያ አሠራር ከቱም አካባቢ የቀረበ ሒስ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፥ አገር አቀፉ የጤና ዕቅድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሲወርድ ምን ነገር እንደሚጎድልበት መመርመር ነው። ለምሳሌ የተመረጠችው የማጂ ወረዳ ከተማ ቱም ናት። ወረዳው ቀድሞ በቤንች ማጂ ዞን ሥር የነበረ ሲሆን፥ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በምዕራብ ኦሞ ዞን ይገኛል።

በመጀመሪያ ለዕቅዱ የሚገባውን ምስጋና መስጠት ተገቢ ነው። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም፥ የጤና መኮንኑ፥ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኛው በአንድነት ሠልጥነው ወደ ገጠር እንዲወጡ ታሰበ፤ አንዱ ጤና ጣቢያም ለ50,000 ሰው እንዲሆን ተተለመ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሠራተኞችን አሰማራ። በዚህ ሥርዓት ጤና ኬላው ከ3,000 እስከ 5,000፥ የገጠር ጤና ጣቢያው ከ15,000 እስከ 25,000 ሰው እንዲያገለግል ተወሰነ። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የተሠራበት የትራንስፎርሜሽን ዕቅድም ወረዳን መለወጥን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎታል። እንግዲህ ወረዳው ተረስቷል ማለት አይቻልም። ጥያቄው ወረዳው የታሰበው በምን ሚዛን ነው የሚል ነው።

ሚዛኑ የሰው ቁጥር ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ቁጥር በየዓመቱ በግምት ይራባል፤ በመቶኛ እየተመታም እርጉዙና ሕፃኑ ስንት እንደሆነ ይሰላል። ለምሳሌ ያህል 25,000 ሰው ላለው ጤና ጣቢያ ከመቶ 3 ብንይዝ፥ የዓመቱ እርጉዞች 750 ናቸው ማለት ነው። ስሌቱ ስሕተት የለበትም። ዳሩ ግን መነሻው ከተሳሳተ፥ ከእርሱ የሚወጣው ክትባትም መድኃኒትም አልጋም ሁሉ አብሮ ይሳሳታል።

ለዕረፍት ወደ አገሬ በተመለስሁ ጊዜ፥ ስሙን መጥራት በማያስፈልግ አንድ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የዕቅድና የክንውን ሰሌዳ ተሰቅሎ አየሁ። የእርጉዞች ክትትል ከመቶ በላይ ተከናውኗል ይላል። «ከመቶ በላይ እንዴት ይሆናል?» ብዬ ኃላፊውን ብጠይቃቸው፥ «እርጉዞቹ በዝተው አይደለም፤ የተሰጠን ሕዝብ አንሶ ነው» ሲሉ መለሱልኝ። ይህ ቁጥር ከላይ ሲታይ የሚያስመሰግን ነው። ከታች ሲታይ ግን፥ ለጥቂቶች በታሰበ መድኃኒት ብዙዎች እንደ መጡ የሚናገር ነው። ከቱም በስተ ሰሜን፥ በሚዛን ተፈሪ አቅራቢያ ባለው በበበቃ የቡና እርሻም ነገሩን መረዳት ይቻላል። ለለቀማ የሚመጣው ወቅታዊ ሠራተኛ የተቆጠረው በመጣበት አገር ነው፤ ወባ የሚይዘው ግን በሚለቅምበት አገር ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የርቀት ነው። ከማጂ ደጋ ወደ ኦሞ ቆላ ሲወረድ አገሩ በገደልና በወንዝ የተቆራረጠ ነው። በደጋው የዲዚ ገበሬዎች በርስታቸው ጸንተው ይኖራሉ፤ በቆላው የሱሪ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ተከትለው ይንቀሳቀሳሉ። በሁለቱም ስፍራ 5,000 ሰው በወረቀት ላይ አንድ ነው። ምጥ ለያዛት ሴት ግን አንድ አይደለም። አምቡላንሱ መንገድ እስካለበት ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የቃሬዛና የጎረቤት ትከሻ ነው። የእናቶች ማቆያ ቤት የተፈለገው ስለዚህ ነው፤ ነገር ግን ሴቶችን ቆጥሮ ርቀታቸውን ያልቆጠረ ዕቅድ፥ ማቆያው ስንት አልጋ እንደሚያስፈልገው ሊያውቅ አይችልም።

ሦስተኛው የጊዜ ጉድለት ነው። የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ባየሁት ሰሌዳ የዓመቱ ሥራ ለአራት እኩል ተከፍሏል፤ አንደኛው ሩብ ዓመት ሐምሌ፥ ነሐሴና መስከረም ነው። ያን ጊዜ መንገዱ ጭቃ፥ ወንዙ ሙሉ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ደግሞ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ ትበረታለች። ስለዚህ አጎበሩና የወባ መድኃኒቱ ከክረምቱ አስቀድሞ መድረስ ይገባው ነበር፤ ይህም የሚሆነው ባለፈው ዓመት በጀት ከታሰበበት ብቻ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «እያንዳንዱ ወረዳ በራሱ ሚዛን ከለካ፥ ሚኒስቴሩ ወረዳን ከወረዳ እንዴት ያወዳድራል? በጀቱንስ በምን ያካፍላል?» ይሉ ይሆናል። ተቃውሞው እውነት አለበት። አንድ ዕቅድ፥ አንድ በጀት፥ አንድ ሪፖርት የሚለው መርሕ የተነሣው፥ ቀድሞ እያንዳንዱ ረጂ ድርጅት የራሱን ዕቅድና ሪፖርት እያመጣ ሥራውን ስላወሳሰበው ነው። ስለዚህ አገር አቀፉ ቁጥር ይሻር አንልም፤ ብቻውን አይቁም እንላለን።

ይህንንም ለማድረግ አዲስ ተቋም አያሻም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ያዘጋጁት የቤተሰብ ማኅደር በጤና ኬላው አለ። ከላይ የወረደው ግምትና ከማኅደሩ የተገኘው ቆጠራ ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ልዩነታቸውም ይገለጽ። ቀጥሎ የእያንዳንዱ ቀበሌ ርቀት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በእግር ሰዓት፥ ያውም የበጋውና የክረምቱ ተለይቶ ይመዝገብ። በመጨረሻም የጤና ጣቢያው አመራር ቦርድ በውስጥ ገቢው ላይ የመወሰን ሥልጣን ስላለው፥ የዓመቱን ሥራ እንደ ዝናቡና እንደ ለቀማው ወራት ያከፋፍል።

ከላይ የሚወርደው ዕቅድ ምን እንደሚፈለግ ይነግረናል። የት፥ መቼና በማን ትከሻ የሚለውን መመለስ ግን ወንዙን ተሻግረው የሚያውቁት ሰዎች ፋንታ ነው። እነርሱ ሳይጠየቁ የተሞላ ሰሌዳ መቶ በመቶ ቢያሳይም፥ በቃሬዛ ላይ ላለችው እናት የሚነግራት ነገር የለም።