መንገድ የሚያስመርጥ ዋሻ፦ ከጠረጴዛ ጨዋታ እስከ ሱቅ ዐረቢ

በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄድ የሚና ጨዋታ የሚቆመው በንግግር ላይ ነው። አጫዋቹ ስፍራውን በቃል ይገልጻል፤ ተጫዋቾቹ ተመካክረው ይወስናሉ፤ የሚያጠራጥረውን ዳይስ ይፈርደዋል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት «ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የጀብዱው ዋነኛ ስፍራ ከምድር በታች ያለ ዋሻ ነበር። የዋሻ ጀብዱ ሲመዘን አብዛኛው ሰው ጭራቁን፣ ወጥመዱንና ሀብቱን ይቆጥራል። በእኔ ዕይታ ግን ሚዛኑ ሌላ ነው፤ ተጫዋቹ አውቆና አመዛዝኖ መንገድ ይመርጣል ወይ?

ሁለት ሥራዎችን እናነጻጽር። ጋይጋክስ በ1975 ለውድድር አዘጋጅቶ በ1978 ያሳተመው «ቶምብ ኦፍ ሆረርስ» በወጥመዱ የታወቀ መቃብር ነው። ከመግቢያው አዳራሽ መጨረሻ አንድ አረንጓዴ የሰይጣን ፊት አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ወደ አፉ የገባ ሁሉ ይጠፋል። ወለሉ ላይ የተጻፈ ፍንጭ ቢኖርም ተጫዋቹ ብዙውን ነገር የሚማረው በሞት ነው። በ1979 የታተመው የጄኔል ጄኩዌይስ «ካቨርንስ ኦፍ ትሬሺያ» በአንጻሩ መግቢያው ብዙ ነው፤ ደረጃዎቹ ወደተለያዩ ወለሎች ያወርዳሉ፤ አንዱ መተላለፊያ ዞሮ ከሌላው ይገጥማል። ፍርስራሹን የሚጋሩት ወገኖችም እርስ በርስ ስለማይስማሙ፣ ከአንዱ ተደራድሮ ሌላውን ማለፍ ይቻላል።

ምርጫ ደግሞ ዋጋ ከሌለው ከንቱ ነው። በ1974ቱ ደንብ የዋሻ ጉዞ በአሥር አሥር ደቂቃ ይቆጠራል፤ ችቦው ሊጠፋ ይችላል፤ የሚዘዋወር ጭራቅ ድንገት ሊመጣ ይችላል፤ የተሸከሙት ወርቅ እርምጃን ያዘገያል። ስለዚህ «በዚህ እንሂድ ወይስ እንመለስ?» የሚለው ክርክር የጨዋታው እምብርት ይሆናል።

ይህን ንድፍ ካርቱም መሃል በሚገኘው ሱቅ ዐረቢ ብንፈትነውስ? ገበያው ከየአቅጣጫው ይገባበታል። ታላቁ መስጊድ ለእንግዳ ምልክት ነው፤ ወርቅ ቤቶቹም ከዚያ አይርቁም። የትኛው መተላለፊያ የት እንደሚያወጣ የሚያውቀው ግን የሰፈሩ ነጋዴና ተሸካሚ ነው። በእንዲህ ዓይነት ስፍራ ትልቁ ሀብት መረጃ ነው፤ የሚገኘውም በሰይፍ ሳይሆን ሰው በማነጋገር ነው።

ፈተናው ግን እዚህ አያበቃም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ከፈነዳ በኋላ ሱቅ ዐረቢ ተቃጥሏል፤ ተዘርፏልም። ፍርስራሽና ወርቅ ባንድ ላይ ሲገኙ የዋሻ ጀብዱ የለመደ ዓይን ወዲያው ካርታ መንደፍ ያምረዋል። የድሮው ደንብ ደግሞ ለተወሰደ አንድ የወርቅ ሳንቲም የተጫዋቹን ደረጃ የሚያሳድግ አንድ የልምድ ነጥብ ይሰጣል። ያ ወርቅ የማን እንደነበር አይጠይቅም። ባለቤቱ ገና በሕይወት ባለበት ገበያ ይህ ስሌት ዘራፊን መሸለም ይሆናል።

እዚህ ላይ የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ከንድፉ ጥያቄ ጋር ይገናኛል። የወርቁን ባለቤት የማያውቅ ተጫዋች ምርጫው ጎደሎ ነው፤ ያለው አንድ አማራጭ ብቻ ነው፣ መውሰድ። የሂሳብ መዝገብ አግኝቶ የባለ ሱቁን ስም ያነበበ ተጫዋች ግን ሊመልስ፣ ሊደራደር፣ ሊደብቅ ወይም አውቆ ሊሰርቅ ይችላል። አንድ መዝገብ ብዙ በር ከፈተ ማለት ነው። እንግዲህ ንድፍ አውጪው ሌላ ጭራቅ ከመጨመሩ በፊት ለሀብቱ ባለቤት፣ ለባለቤቱም ስም ይስጠው።