ነርቩ አልሞተም

አንዲት ኢንተርን የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ታማሚ አልጋ አጠገብ ቆማ፣ «ዶክተር፣ መርዙ ነርቩን ገድሎታል ማለት ነው?» አለችኝ። ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። ስንት ዓመት የሠሩ ባልደረቦቼም «ነርቩ ከሞተ ምን ይደረጋል» እያሉ ተስፋ ሲቆርጡ ሰምቻለሁ። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

የቴታነስ መርዝ ሰውየውን ይገድል ይሆናል እንጂ ነርቩን አይገድልም። ከቁስሉ ተነስቶ በነርቩ ውስጥ ሽቅብ ይጓዝና ህብለ ሰረሰር ይደርሳል። እዚያ ጡንቻን «ተው» የሚሉት ነርቮች ውስጥ ገብቶ ሲናፕቶብሬቪን የተባለውን ፕሮቲን ይቆርጣል። ይህን የፓዶቫው ሞንቴኩኮና ባልደረቦቹ በ1992 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ግላይሲንና ጋባ መለቀቃቸው ይቆማል፤ ከልካይ ያጣው ጡንቻ ይገተራል፤ ሴሉ ግን በሕይወት አለ። ሌላው የባክቴሪያ መርዝ፣ የኤ ዓይነት ቦቱሊነምም፣ ጡንቻውን ያዝላል እንጂ ነርቩን አይገድልም። በላቦራቶሪ ባደጉ ነርቮች ላይ ሲታይ ግን ሲንታክሲን የተባለውን ፕሮቲን የሚቆርጠው የሲ ዓይነት ቦቱሊነም ሴሉን እስከ መግደል ይደርሳል። ስለዚህ «የባክቴሪያ መርዝ ነርቭ ይገድላል» ብሎ በጅምላ መናገር አይገባም።

ነርቩ ካልሞተ ሥራችን እሱ እስኪያገግም ሰውየውን ማቆየት ነው። አንድ ባልደረባዬ ቁስሉ በቅድሚያ ይጠረግ ይላል። እኔ ፀረ መርዙ፣ ቲኤቲ የምንለው፣ ይቅደም እላለሁ። ነርቭ ውስጥ የገባውን መርዝ የሚያወጣ መድኃኒት የለም፤ ቲኤቲ የሚይዘው ገና ያልገባውን ብቻ ነው። ቁስሉ ሲነካካ ደግሞ ተጨማሪ መርዝ ሊለቅ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ዲያዜፓም፣ ማግኒዥየም፣ ጉሮሮው ከተዘጋ አንገቱ ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳ። ከሁሉም በላይ ጸጥታ። እግሩን እሾህ የወጋው አንድ ገበሬ በሩ በተጋጨ ቁጥር ጀርባው እንደ ደጋን እየጎበጠ ከፍራሹ ይነሳ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ማንም ሳያዛት የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባች፤ በሩ ጠርዝ ላይም ጨርቅ አሰረች። እኛ የመድኃኒት መጠን እየጨመርን ያላገኘነውን እፎይታ በዚያ ሌሊት አገኘ።

በዚህ ሙያ የምወደው መጠበቁን ነው። ብዙ ሐኪም ዛሬ ሠርቶ ነገ ውጤቱን ማየት ይፈልጋል። እኔ አዲስ የነርቭ ጫፍ እስኪበቅል ሳምንታት መጠበቅን መረጥኩ፤ መጠበቁም ሥራ መሆኑን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግራለሁ። ታማሚው ድኖ ሲወጣ ደግሞ ሳይከተብ አይሄድም፤ ለመግደል የሚበቃው መርዝ ሰውነት መከላከያ እንዲያዘጋጅ ለማድረግ አይበቃምና።